አንዲት ደረጃ ብቻ

ጥቅምት ሲጋመስ ቬይኮ፣ ከመስኮቱ ጥግ ሆኖ፣
የኦሉን በረዶ አየና፣ ጉልበቱን በብርድ ልብስ ሸፍኖ፦
«ራይሊ፣ ዘንድሮን እንኳን፣ ፀሐይ ካለበት እንክረም፤
ስድስት ሳምንት ይበቃኛል፤ ከዚያ በላይ አልልም።»

ሜትሬን አወጣሁ፤ ያንን ቢጫ፣ የልብስ ስፌቱን፤
ወንበሩን ዳግም ለካሁት፣ ከጎማ ጎማ ስፋቱን፦
ስልሳ ስምንት።
ክርኑ ሲጨመርበት ሰባ ሁለት።
መዳፌ ላይ ጻፍሁት፤
ገበያ ስወጣ፣ ስተኛ፣ እንደ ልጅ ስም ያዝሁት።

ከዚያማ መጻፍ ነው! ለማላጋ፣ ለማዴይራ፣
ለማልታና ለቀርጤስ፣ ፀሐይ ለሚያከራይ ስፍራ፦
«የባለቤቴ እግር አይሄድም፤ የበሩ ስንት ነው ስፋቱ?
መታጠቢያው አፋፍ አለው ወይ? የአልጋውስ ስንት ነው ቁመቱ?»

መልሱ ሁሉ ጨዋ፣ መልሱ ሁሉ ሰላምታ፦
«ይምጡ እንጂ እመቤቴ፣ ይምጡ በሙሉ ደስታ፤
ቤታችን ለጥ ያለ ነው፣ ሜዳ ነው እንደ ገበታ፤
መግቢያው ላይ ብቻ አለች
አንዲት ደረጃ፤ እሷም ትንሽዬ ነች።»

አንዲት ደረጃ ብቻ።
ለሚራመድ ምኑም አይደለች፣ እያወራ የሚያልፋት፤
ለእኛ ተራራ ናት፣ ካርታ ሠሪ የረሳት።

አንዱ ፎቶ ላከልኝ፤ መወጣጫው ያማረ፣
እብነ በረድ የለበሰ፣ በአበባ ማሰሮ የታጠረ፤
ቁልቁለቱን ሳሰላው፣ ወንበሩ ከላይ ቢለቀቅ፣
ቬይኮን ባሕር ውስጥ አገኘዋለሁ፣ ጫማው እንኳን ሳይወልቅ።

ሌላው ጻፈ፦ «ወንድሜ ጡንቻው ፈርጣማ ነው፤
ባልሽን እንደ ሙሽራ፣ ተሸክሞ ነው የሚያስገባው።»
ለቬይኮ አነበብሁለት። ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ።
ቆይቶ፣ «ሠላሳ ዓመት» አለ፣ «ወደብ ላይ ክሬን ነድቼ፣
ስንት ሺህ ኮንቴይነር ከመርከብ አውርጄ፣ ጭኜ፣ አንስቼ፣
አሁን ደግሞ እኔን እንደ ዕቃ?»
ሻዩ ቀዘቀዘ። እኔም አልመለስሁም በቃ።

ታኅሣሥ ሲብት ከሲራኩዛ፣ ፖስታ መጣ ያበጠ፤
ብከፍተው የሱፍ ክር ነው፣ አምስት ቦታ የተቆረጠ፤
በየጫፉ ወረቀት ታስሯል፣ በየወረቀቱ ስም፦
የደጁ፣ የሳሎኑ፣ የመኝታ ቤቱም፣ የበረንዳውም፤
«ሜትሬን» ትላለች ኑንዚያ፣ «የልጅ ልጄ ወስዶ ጣለው፤
በሮቼን በክር ለካሁ፤ ክር መቼም አይዋሽ፣ ያው ነው።
ዝናብ በመጣ ቁጥር፣ ሠሪውን እረግም ነበር፤
አሁን ተመስገን እላለሁ፤ ደጄ እኩል ነው ከጎዳናው ጋር።
ይቺ አጭሯ የመታጠቢያ ቤቱ ናት። አታልፉባትም።
ለአናጢው ነግሬዋለሁ፤ ተስፋ ግን አልሰጣችሁም፤
ካሎጄሮ ሲምል ነው እንጂ፣ ሲመጣ አይታወቅም።»

ክሮቹን ወንበሩ ላይ አንድ ባንድ ዘረጋን።
አራቱ ተርፈው ተንጠለጠሉ። አምስተኛዋን
ቬይኮ ራሱ ያዛት፤ ሳባት፤ አራት ጣት ጎደለች።
«እንሂድ» አለ፣ «ይቺ ሴት ቢያንስ አልዋሸች።»

ጥር ላይ ደረስን። የመታጠቢያ ቤቱ በር የለም።
መቃኑም የለም፤ ጡቡ፣ ጥርስ እንደ ወለቀ ድድ፣
ቀልቶ ይታያል፣ ገና ሲሚንቶ አልነካውም።
በበሩ ፈንታ መጋረጃ፣ ዓሣ ዓሣ የታተመበት፤
ከኋላው ውሃ ይወርዳል፣ ቬይኮ ብቻውን ገብቶበት።
እኔ ከውጭ ተቀምጬ፣ የምለካው አጥቼ፣
ሜትሬን እጠቀልላለሁ፣ ደግሞ እፈታለሁ።

ሲወጣ ጎማው እርጥብ ነው፤ የጡብ አቧራ ይዞ
ሁለት ቀይ መስመር አሰመረ፣ እስከ በረንዳው ተጉዞ።
መወልወያ ስፈልግ ኑንዚያ፦ «ተዪው ባክሽ!
ነገም አይታጠብ መሰለሽ?»

ከበረንዳው ማዶ ዳቦ ቤት አለ፤ ሽታው እዚህ ይደርሳል።
ቬይኮ አንገቱን አስግጎ ያያል።
መግቢያው ላይ
አንዲት ደረጃ ብቻ።
«ስንት ትሆናለች?» አለኝ።
«አሥራ አራት ሳንቲም» አልሁት፣
ሳልለካ።